የውሃ አባት ልጅ ጥናት ስታሳትም

እናቴ «ይቺ ሚጥሚጣ» ነው የምትለኝ። ስቆጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ የማይባል ነገር እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ይጸጽተኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥናቴ እንዴት እንደታተመ ሳወራ ሰው ሁሉ «ጨዋ ተማሪ ነበረች» ብሎ እንዳያስብ ነው። ጨዋ አልነበርኩም። ግማሹን ሥራ የሠራሁት በንዴት ነው።

ሶሲዮሎጂ ነበር የማጠናው፣ ከቆቦ በሚኒባስ ብዙ በማይርቅ ዩኒቨርሲቲ። መሃል ላይ አገሩ ተረብሾ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ስደርስ ከዕድሜዬም ከትዕግስቴም ብዙ ሄዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከክፍላችን ግማሹ የመመረቂያ ጥናቱን የሚያመጣው ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰውየው የድሮ ተመራቂዎችን ጥናት በፍላሽ አጠራቅሟል፤ የቦታውን ስም ትቀይራለህ፣ የራስህን ስም ትጽፋለህ፣ አስጠርዘህ ታስገባለህ። አንዷ ጓደኛዬ ስለ አንድ የሐይቅ ዳር ከተማ የተጻፈ ጥናት ወስዳ የከተማውን ስም በየገጹ ቆቦ አደረገችው፤ ዓሣ አጥማጆቹን መቀየር ግን ረሳች። ቆቦ ላይ ዓሣ አጥማጅ! ኧረ የሰው ያለህ! ውሃ ለማየት ክረምት እስኪገባ ሰማይ ሰማይ የምናይ ሰዎች ነን እኮ።

አማካሪያችን ከጎጃም የመጣ ወጣት መምህር ነበር፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። የዓሣውን ጥናት ያነበበ ቀን ቢሮው ውስጥ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በማግስቱ ክፍል ሲገባ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «ጥፋቱ የኛ ነው» አለን። «ጥናታችሁ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ማንም አያነበውም። የሚያነበው ሰው እንዳለ ያወቀ ተማሪ ቆቦ ላይ ዓሣ አያጠምድም።» በዚያው ቀን የተማሪዎች የጥናት መጽሔት እንደሚጀምር ነገረን። ከሁሉም ጥናቶች የተሻሉት ይመረጣሉ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ የማያውቁ ሁለት መምህራን ይገመግሟቸዋል፤ ያለፉት ይታተማሉ። አንድ ግዴታ አለ፦ የታተመለት ተማሪ ወደ ጥናቱ ቦታ ተመልሶ ውጤቱን ለሰዎቹ ያነባል። «ከሰው ወስዶ አለመመለስ ሌብነት ነው» ይል ነበር። ቢሮው በር ላይ ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር። እኔም ያን አባባል እየወደድኩት፣ እየወደድኩት ሄድኩ።

እኔ የመረጥኩት ርዕስ የጎርፍ ውሃ ነው። የኛ አገር ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ አስፋልቱን ለቆ የሚገባ ቆላ ነው። የራሳችን ዝናብ ማሽላ አያደርስም። ማሽላችንን የሚያደርሰው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ እኛ ዘንድ ሰማዩ እንደጠራ ወንዙ እያጓራ ይመጣል። ያንን ጎርፍ በድንጋይና በቅርንጫፍ ገድበን ወደ ቦይ እንመልሰዋለን፣ ከቦዩ ደግሞ ማሳዎቹ በተራ ይጠጣሉ። ተራውን የሚሰጥ፣ የሚከፍት፣ የሚዘጋ፣ የሚገላግል አንድ ሰው አለ፤ የውሃ አባት ይባላል። የመጨረሻው ባለተራ ማሳ ሲጠጣ የውሃ አባቱ ቦዩን ይዘጋና የተረፈውን ውሃ ወደ ወንዙ ይመልሳል። ደንቡ አጭር ነው፦ ያልጠረገ አያጠጣም። ክረምት ሳይገባ በሰኔ ቦዩ ሲጠረግ ጉልበቱን ያላዋጣ ቤት፣ ጎርፍ ሲመጣ ተራ የለውም።

የውሃ አባቱ የኔ አባት ነው።

«የገዛ አባትሽን?» አለኝ አማካሪዬ።

«ሌላ የውሃ አባት የለንም፣ ቲቸር። ቢኖር እሱን እጠይቅ ነበር።»

ትንሽ አሰበና «ዝምድናው ችግር የለውም፣ መደበቁ ነው ችግሩ። ጻፊው» አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ገጽ ላይ አጥኚዋ የውሃ አባቱ ልጅ እንደሆነች ጻፍኩ። ስም ግን አይጻፍም፤ የሙያው ሕግ ነው። «የውሃ አባት፣ ወንድ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት» ብዬ አሰፈርኩት። በአካባቢው አንድ የውሃ አባት ብቻ ካለ ስሙን ከመጻፍ በምን እንደሚለይ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባቴን ላስተዋውቅ። ረጅም ነው፣ ወሬ አይወድም፣ ዝንጉ ነው። ጎብዬ ገበያ ጨው ሊገዛ ሄዶ ገመድ ይዞ ይመጣል። እናቴ «ያንተ ራስ ከአንገትህ ጋር ባይያያዝ ኖሮ እሱንም ገበያ ጥለኸው ትመጣ ነበር» ትለዋለች፤ እሱ ፈገግ ብሎ ገመዱን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ከሁሉ የሚቀለድበት ግን በቦዩ መዝጊያ ነው። የመጨረሻው ተራ አልቆ ሲዘጋ ሁልጊዜ አንዱን ጫፍ ሳይደፍን ይተወዋል። በማግስቱ ሰዎች «ዛሬም ረሳኸው?» ይሉታል፣ እሱም «ምን ላድርግ፣ አረጀሁ» ይላል። ገና ጎልማሳ ሳለም ያው ነበር ይላሉ። እኛ ልጆቹ በዚህ እየሳቅን ነው ያደግነው።

ሁለት ወር ሙሉ ገበሬ ስጠይቅ ከረምኩ። ማንን ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ያልጠረገ አያጠጣም። አንድ አዛውንት «አንዱን ከማርን፣ በሚቀጥለው ሰኔ ግማሹ ወገቤን ይላል፣ ግማሹ እንግዳ መጣብኝ ይላል፤ ቦዩ በደለል ይሞላና ሁላችንም ቁጭ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ይህን ሁሉ ይዤ ድምዳሜዬ ላይ «ደንቡ ያለ ልዩነት ይከበራል» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሯን ወደድኳት። ደጋግሜ አነበብኳት፤ ልክ የትልቅ ምሁር ትመስል ነበር።

የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ከቦዩ ጭራ ላይ ማሳ ካላቸው አንዲት እናት ጋር ነበር። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። አንዱ ልጃቸው ዓረብ አገር ገብቶ ድምፁ ጠፍቷል፣ ሴቷ ልጃቸው ሩቅ ተድራለች። ለጠረጋ የሚልኩት ሰው የላቸውም። ስለዚህ በደንቡ ተራ የላቸውም፤ እኔም የሄድኩት «ተራ የሌለው ቤት እንዴት ይኖራል» ብዬ ለመጠየቅ ነው። ስልኬን አብርቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና፣

«እማማ፣ ጎርፍ ሲመጣ ማሳዎ ምን ያገኛል?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ይጠጣል።»

«እንዴት ይጠጣል? ተራ የለዎትም እኮ።»

ሳቁብኝ። ጥርስ የሌለው ሳቅ ነው፣ ግን ከልብ ነው። «አባትሽ መዝጊያውን ይረሳላ! አላህ ይጠብቅልኝ። በየዓመቱ ይረሳዋል። አንድ ክንድ የምታህል ቀዳዳ ትቀራለች፤ በሷ የተረፈው ውሃ ቀስ እያለ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ባሌ የሞተ ዓመት ነው መርሳት የጀመረው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ለቤቴ ባዳ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሃያ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩት አባቴ መዝጊያውን አንድም ቀን ረስቶት እንደማያውቅ ያወቅኩት ያን ዕለት፣ በስልክ ድምፅ መቅጃ ፊት ነው። ተነስቼ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ አለቀስኩ። በኩራት ነው ያለቀስኩት። ትንሽ ቆይቶ ግን ፍርሃቱ መጣ።

ምክንያቱም ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ወር ያጠናሁት እሱን ነው። ያለ ተራ ውሃ የለቀቀ የውሃ አባት በዚያው ቀን ይሻራል። ውሃው የደረሰበት ማሳ ደግሞ አፉ በድንጋይ ይደፈናል። ያንን ነገር ከጻፍኩት አባቴ ከአያቴ የወረሰውን ነገር ያጣል፣ እማማም ማሽላቸውን ያጣሉ። ስለዚህ አልጻፍኩትም። ቃለ መጠይቁን እንዳልተደረገ ቆጥሬ «ያለ ልዩነት ይከበራል» እንዳለች ጥናቱን አስገባሁ።

ከወር በኋላ የአንዱ ገምጋሚ አስተያየት መጣ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬም ባውቀው ደስ ይለኛል። ድምዳሜዬ አጠገብ በቀይ እንዲህ ይላል፦ «በየትኛውም ማኅበረሰብ ደንብ ያለ ልዩነት አይከበርም። አጥኚዋ ወይ አልጠየቀችም፣ ወይ የሰማችውን አስቀርታለች።»

ኤዲያ! ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። «ይሄ ሰውዬ ሮቢትን በካርታ እንኳ አይቷት ያውቃል? ቦይ ጠርጎ ያውቃል? ቀይ እስክሪብቶ ስለያዘ ብቻ...» እያልኩ ጮህኩ። አማካሪዬ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በቀስታ፣ «የቱ ነው? አልጠየቅሽም ወይስ አስቀረሽ?» አለኝ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ኮሌታውን ሲነካካ አየሁት፤ ሲጨንቀው እንዲያ ያደርጋል።

«እኔ ጻፊው አልልሽም» አለ በመጨረሻ። «ካልጻፍሽው ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ትወጣለች። እሷ ከወጣች ጥናቱ ድምዳሜ የለውም፣ አይታተምም። ጥፋት የለብሽም፣ ትመረቂያለሽ። መወሰን ያለበት ሌላ ሰው ነው። አባትሽን ጠይቂው።»

ቅዳሜ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ የአካፋ እጀታ ያስተካክል ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና እማማ ያሉኝን፣ እኔ ያስቀረሁትን፣ ገምጋሚው ያለውን ዘረዘርኩለት። ቀና ብሎም አላየኝ፤ እጀታውን መፋቅ ቀጠለ።

«ምን ብለው ነገሩሽ?» አለ።

«አባትሽ ይረሳል ነው ያሉኝ።»

«እሳቸው ደግሞ ወሬ አይችሉም» አለና ፈገግ አለ።

«አባ፣ ሳቅ አይደለም! ይታተማል እኮ ነው የምልህ! መጽሔት ላይ ይወጣል፣ ሰው ያነበዋል፣ ግብርና ቢሮ ይገባል፣ ትምህርት ቤት ይገባል!»

«ይግባ። ወረቀት አይጮህም።»

እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማሳተም ምን እንደሆነ አልገባውም ብዬ አሰብኩ፤ ከጓሮው ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ እንደሆነ ሁሉ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። «አይገባህም!» አልኩት፣ አባቴን! ይሄው ነው የማይባለው ነገር።

እጀታውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ ያየሽውን ጻፊ። ልጁ ዋሸች ከምባል እኔ ብሻር ይሻለኛል።» ቀጥሎ «ብቻ...» አለና አቆመ።

«ብቻ ምን?»

«ምንም። ሂጂ፣ እናትሽ ምሳ አቅርባለች።»

ጻፍኩት። «ልዩ ሁኔታ» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ገምጋሚዎቹ አሳለፉት። መጽሔቱ ሲታተም ሽፋኑ ቢጫ ነበር፤ የኔ ጥናት ሦስተኛ ላይ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ስሜን ብቻ እያየሁ ቆቦ ደረስኩ። አጠገቤ ለተቀመጡ አንዲት ሴትዮ አሳየኋቸው። «ማሻአላህ! ሥራ አገኘሽ ማለት ነው?» አሉኝ። «አይ፣ ታተምኩ ማለት ነው» አልኳቸው። «እሱም አንድ ነገር ነው» ብለው አጽናኑኝ።

አማካሪዬ አንድ ቅጂ ወደ ግብርና ቢሮ፣ አምስት ወደ ሮቢት ትምህርት ቤት ላከ። ውጤቱን የማነብበት ጉባኤ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። በነዚያ ሁለት ሳምንታት እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ተሻረ» የምትለኝ ይመስለኛል።

«እንዴት ናችሁ እማ?»

«ደህና ነን። ፍየሏ ወለደች።»

«ሌላስ?»

«መንታ።»

«ሌላስ እማ?»

«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አንቺ ልጅ? ሦስት ትውለድልሽ?»

ምንም የለም። ማንም አላነበበውም ማለት ነው ብዬ እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እንዴ! ስንት ወር የለፋሁበትን አንድ ሰው እንኳ አይገልጠውም? የዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለምንድነው? እንዲህ ነበርኩ፤ እንዳያነቡት እየጸለይኩ ባለማንበባቸው የምቆጣ።

ጉባኤው ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ የውሃ ነገር ሁልጊዜ በሚመከርበት ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተደረገ። አማካሪዬ ከሮቢት በባጃጅ መጣ፤ አቧራ ለብሶ፣ ቁልፉን ግን አልፈታም። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ ሴቶች በአንድ ወገን። አባቴ በቦታው ድንጋዩ ላይ ነው። እማማ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡና ከሁሉ ፊት፣ እኔ እግር ሥር ማለት ይቻላል፣ ተቀመጡ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ነው መሰለኝ። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ዱዓ አድርገው «በይ ልጄ» አሉኝ።

አነበብኩ። እንደፈራሁት አልነበረም፣ ይጣፍጥ ነበር። የቦዩን አጀማመር ሳነብ ሁለት ሽማግሌዎች ተከራከሩበት፤ አንደኛው «ገና አልጨረሰችም» ተብለው ዝም አሉ። «ማኅበራዊ ካፒታል» የምትል ቃል ላይ ስደርስ አንዱ እጃቸውን አወጡ።

«ምንድነው እሱ?»

«መተማመን ማለት ነው።»

«ታዲያ መተማመን አትይም?» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፣ አማካሪዬም ሳቀ፣ ማስታወሻው ላይም ጻፈው።

ገጹን ገለጥኩና «ልዩ ሁኔታ» የምትለዋ ርዕስ ላይ ደረስኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ አባቴን አየሁት። መጽሔት ላይ ይወጣል ስለው ፈገግ ያለው ሰው፣ አሁን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጨምቆ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምን እንዳስፈራው አልገባኝም፤ ብቻ እሱ ሲፈራ እኔም ፈራሁ። ዝም ብዬ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጬ ወደ ማጠቃለያው አለፍኩ።

«የኔስ?» አሉ እማማ።

ያልሰማሁ መስዬ ቀጠልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የኔስ? የነገርኩሽ የት ሄደ? ጣልሽው እንዴ?» ዱላቸውን አነሱ። «ሳልሞት በሰው ፊት ይነገርልኝ ብዬ አይደለም እንዴ የነገርኩሽ? ምስጋናዬን ዋጥሽው?»

አማካሪዬ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «አንብቢላቸው እንጂ፣ ታትሟል እኮ» አለኝ። አፌን ልከፍት ስል ታላቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ። ወረቀቱ ላይ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«ይኑር። ልጆቻችን በየቤቱ አንብበውልናል፣ ሁላችንም ሰምተናል። ሳናነብም እናውቅ ነበር። የእሳቸው ማሽላ በጤዛ የሚያሸት ይመስልሻል?» ሳቅ ተሰማ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይህ ግን ጉባኤ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እዚህ ዛፍ ሥር በአንደበት የተነገረን ነገር አልሰማንም ማለት አንችልም፤ መፍረድ ግዴታችን ነው። ከተነገረ አባትሽን ዛሬ መሻር አለብን፣ የእሳቸውንም ማሳ መድፈን አለብን። ፍርዱን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ በትክክል ነው የጻፍሽው። እንግዲህ አንቺ እወቂ።»

የአባቴ «ብቻ» ምን እንደነበረች ያኔ ገባኝ። ወረቀት አይጮህም ያለኝ ማሳተም ምን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። በኛ አገር ማሳተም ማለት እዚህ ዛፍ ሥር ቆሞ መናገር ነው፤ ያልገባኝ እኔ ነበርኩ፣ ተመራቂዋ። መጽሔቱን ዘጋሁት። «አላነብም» አልኩ።

እማማ ግን ምኑን ሰምተው። ሽማግሌው የተናገሩት በዝቅተኛ ድምፅ ነበር። ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «እሺ፣ ተዪው። ድሃ ምን ይጻፍለታል» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጨነቀኝ ጊዜ የለም፤ ባነብ አባቴ፣ ባላነብ እሳቸው።

ታላቁ ሽማግሌ አዩዋቸው። ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ድንገት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለጉባኤው መዝጊያ የሚሆን አጭር ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም «አሚን» ብሎ ፊቱን ዳበሰ።

«ጉባኤው ተፈትቷል» አሉ ሽማግሌው እየተነሱ። «ኑ፣ ማሽላው እንዴት እንደያዘ እንየው።»

ሠላሳው ሰው ተነሳ። ሴቶቹም ተነሱ። አሥር እርምጃ ያህል ሄዱና ማሳው ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ማሽላውን ማየት ጀመሩ። አማካሪዬ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አንዱ ገበሬ ተመልሶ እጁን ይዞ ወሰደው። አባቴም ከነሱ ጋር ቆመ። ከዛፉ ሥር የቀረነው እኔና እማማ ብቻ ነን።

ዝቅ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና መጽሔቱን ከፈትኩ። «እማማ፣ አሁን የርስዎን ላንብብልዎት?»

ነጠላቸውን ከዓይናቸው አነሱ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ወዲያው ታላቁ ሽማግሌ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ከማሽላው ወገን፣ «ከፍ አድርጊው ልጄ! ጆሯቸው ደካማ ነው!» አሉ።

ከፍ አደረግኩት። «በጥናቱ አካባቢ ለጠረጋ የሚልኩት ሰው የሌላቸው አንዲት እናት አሉ። በደንቡ መሠረት ተራ የላቸውም። የውሃ አባቱ ግን በየዓመቱ ቦዩን ሲዘጋ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይተዋል። ይህን ሲያደርግ ለዓመታት ኖሯል፣ ለማንም አልተናገረም። አጥኚዋ ይህን የደንብ መጣስ ብላ አልመዘገበችውም። ደንቡ ሳይሰበር የቆየው ምናልባት በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ይሆናል።» አንድ ገጽ ተኩሉን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከማሳው በኩል አንድም ሳል አልተሰማም፤ ሠላሳ ሰው ማሽላ ሲያይ እንደዚያ ጸጥ ማለቱን አይቼ አላውቅም።

እማማ እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ደገምኩት።

«የሱስ ስም የት አለ?» አሉ።

«ስም አይጻፍም እማማ። ሕግ ነው።»

«እንግዲያ አላህ ያውቀዋል» አሉና ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ድምፃቸው ከአካላቸው ይበልጥ ነበር። «ያጠጣኝን አላህ አያስጠማው!»

ጀርባቸውን እንደሰጡ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ። የአባቴ «አሚን» ከሁሉም ኋላ፣ ለብቻዋ ነው የመጣችው።